ከእርጥብ እስከ ሽሪምፕ፦ የተበተነ ሰፈር በአንድ ትሪ

ቪዲዮው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ወርቅ የመሰለ ችብስ ትሪ ላይ ይፈሳል። ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ስቴክ ይደረደርበታል። ሮዝ ሽሪምፕ ይከተላል። መጨረሻ ላይ የቀለጠ ቺዝ ከላይ ይወርድበታል። ሰውየው በእጁ አንስቶ ይጎርሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አለቀ። ይህን ቪዲዮ የሰፈራችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፈው ጓደኛችን ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ይሄ እኮ እርጥብ ነው፤ ዲግሪ የያዘ እርጥብ!»

ሳቅን። ግን እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተምሮ እርጥብ ያልበላ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ዳቦ ይሰነጠቃል፣ ትኩስ የተጠበሰ ድንች ይጠቀጠቅበታል፣ ቃሪያ ይጨመራል፣ የሚያቃጥል ስልስ ወይም ዳጣ ይፈስበታል፣ በወረቀት ይጠቀለላል። ከትምህርት ቤት በር ላይ ገዝተን ዘይቱ ደብተራችን ላይ እያረፈ እየበላን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። ዛሬ በየካፌው ሜኑ ላይ «ሎድድ ፍራይስ» ተብሎ በትልቅ ዋጋ የተጻፈው ነገር ከዚያ የሚለየው ዳቦው ወጥቶ ሥጋና ቺዝ በመግባቱ ነው።

ግሩፑ ውስጥ ያለነው ስድስት ነን። ያደግነው ፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢና በዙሪያው ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ሁላችንም ተበታተንን። አንዱ አራብሳ፣ አንዷ ፉሪ፣ ሌላው ዘመድ ቤት። ድሮ ለመገናኘት «ና ውረድ» ማለት ይበቃ ነበር፤ አሁን ሁለት ታክሲ ቀይሮ መምጣትን ይጠይቃል። ስለዚህ ቪዲዮውን ካየን በኋላ የመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር። ካፌ ሄደን ለስድስት ሰው ከምንከፍል፣ አሁንም ጊዮርጊስ አካባቢ በምትኖረው ጓደኛችን ቤት ቅዳሜ ተሰብስበን ራሳችን እንሥራው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የከበደው። የከበደን መጥበሱ አልነበረም፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንዴት እንደምንበላ ነው። ሁለታችን ሽሪምፕ አንበላም። አንዷ ሙስሊም ናት፤ ሥጋው ከየት እንደተገዛ ማወቅ አለባት። አንዱ ደግሞ ሽሪምፕ በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም። ይህ ጽሑፍ ያንን ቅዳሜ እንዴት እንደተወጣነው ነው። እግረ መንገዴን አሠራሩን አብሬ አስቀምጣለሁ፤ እናንተም ከጓደኞቻችሁ ጋር ሞክሩት።

አራዳ አዲስ ምግብ ሲቀምስ

አራዳ አዲስ ምግብ ሲያይ መጀመሪያ መጠራጠር፣ ቀጥሎ መልመድ፣ ከዚያ የራሱ ማድረግ ልማዱ ነው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ከመቶ ዓመት በፊት ሲከፍቱ ሰው በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ቆጥሮት ነበር ይባላል። በሰፊው በሚተረከው ታሪክ መሠረት አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው፣ ሂሳቡንም ከፍለው ነው ሰውን ያስለመዱት። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ ተርፎ ዛሬም ፒያሳ ላይ ቆሟል። ያኔ ነውር የነበረው ነገር ዛሬ የሰፈሩ መተዳደሪያ ነው።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲቆይ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው። ለሰፈሩም ፒያሳ የሚለውን ስም ተወለት። ስሙ ብቻ አይደለም የቀረው። ፓስታና ላዛኛ፣ ማኪያቶ፣ ፉርኖ ዱቄት፣ አቼቶ ሁሉም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ዛሬ «አቼቶ ጨምሪበት» የምትል እናት ጣሊያንኛ እየተናገረች እንደሆነ አይታወሳትም። ቃሉም ነገሩም የእኛ ሆኗል።

ድንቹስ? እሱም እንግዳ ነበር። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ አውሮፓን ዞሮ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሲሆን፣ ያመጣው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይጠቀሳል። ዛሬ ከአዊና ከጎጃም ደጋ እስከ ሻሸመኔ የገበሬው ዋና ምርት ነው። ጎዳና ላይ ቅቅሉ በሚጥሚጣ ይሸጣል፤ ቤት ውስጥ አልጫው ይሠራል፤ በጾም ቀን ደግሞ ስንቱን ቤት ያወጣል።

ችብስ ላይ የተገኘውን ሁሉ መከመርም የአንድ አገር ፈጠራ አይደለም። የካናዳዋ ኩቤክ ገጠር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ችብስ ላይ ትኩስ አይብና መረቅ ጨምሮ «ፑቲን» አለው። በ1990ዎቹ ደግሞ የሳንዲያጎ የሜክሲኮ ምግብ ቤቶች የተጠበሰ ሥጋ፣ አቮካዶና ቺዝ ደረቡበት። እኛ ዳቦ ውስጥ ከትተን እርጥብ አልነው። ሁሉም ጋ መነሻው አንድ ነው፦ ርካሽ ድንች፣ የራበው ወጣት፣ እና «ሌላ ምን ልጨምርበት?» የሚል ጥያቄ።

የሽሪምፑ ነገር

መጀመሪያ ግሩፑ ላይ ጭቅጭቅ ያስነሳው ሽሪምፕ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከውሃ እንስሳት የሚበላው ክንፍም ቅርፊትም ያለው ብቻ እንደሆነ ተደንግጓል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ይህን ሥርዓት ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ሽሪምፕ ብቻ ሳይሆን ቅርፊት የሌለውን አምባዛንም የማይነኩ ብዙ ናቸው። በእስልምና ደግሞ አብዛኞቹ መዝሀቦች የባህር እንስሳትን ይፈቅዳሉ፤ በሐነፊ መዝሀብ ግን ሽሪምፕ ያከራክራል። ስለዚህ ጓደኛ ከመጋበዛችሁ በፊት ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ አቅርቦ ሰውን ከማዕድ ማስነሳት ነው ነውር።

የእኛ መፍትሔ ይህ ነበር፦ ሽሪምፑ በራሱ መጥበሻ፣ በራሱ ማማሰያ፣ በራሱ ሳህን። ለማንበላው ደግሞ ቆሮሶ ገዛን። ቆሮሶ ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቅ የሚመጣው ቅርፊታም አሳ ነው። አጥንቱ ወጥቶ ሲገዛ በአውራ ጣት ልክ ተቆርጦ ልክ እንደ ሽሪምፑ ይጠበሳል። እውነቱን ለመናገር መጨረሻ ላይ ቀድሞ ያለቀው አሳው ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ጤና ነው። ሽሪምፕ አለርጂ ከሚያስነሱ ምግቦች ዋነኛው ውስጥ ይመደባል። እኛ አገር ብዙ ሰው ቀምሶት ስለማያውቅ አለርጂ እንዳለበትም አያውቅም። መጀመሪያ የሚቀምስ ሰው አንዲት ቁራጭ በልቶ ይቆይ። ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት ካሳከከ፣ ይበልጡን ደግሞ ትንፋሽ ካጠረ «ያልፍለታል» ማለት የለም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት።

የእኛ አገር ባህር የለውም። ስለዚህ ሱፐርማርኬት የምናገኘው ሽሪምፕ ከውጭ በርዶ የመጣ ነው። እዚህ ላይ መብራት ይገባል። ፍሪዘር ጠፍቶ በርቶ ከሆነ ሽሪምፑ ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው። ከረጢቱን አገላብጣችሁ እዩ። ፍሬዎቹ አንድ በአንድ የሚንኮሻኮሹ ከሆነ ጥሩ ነው። ተጣብቀው አንድ ቋጥኝ ከሆኑና ከሥር በረዶ ከተጋገረ ተዉት። ቤት ስትደርሱም በፈላ ውሃ አታቅልጡት፤ ማታውን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ ወይም ከረጢቱን እንደታሰረ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት።

ሥጋው ከየት ይገዛ?

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ሥጋ ነው። አገራችን ውስጥ የክርስቲያንም የሙስሊምም ሥጋ ቤት ለየብቻ መሆኑን ማንም ያውቃል። ሠርግ ላይ እንኳ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል፣ ለብቻ ይቀርባል። እኛም ያንኑ አደረግን። ከሁለት ሥጋ ቤት ገዛን፣ በሁለት መጥበሻ ሠራን። «እኔ ያለ ሥጋ እበላለሁ፣ አትቸገሩ» ብላ ነበር ጓደኛችን። ማንም አልሰማትም። የሰፈር ልጅ ቤት መጥታ ድንች ብቻ በልታ ልትሄድ?

ከሥጋ ቤቱ ጭቅና ብታገኙ በጣም ለስላሳው እሱ ነው፤ ዋጋው ግን እንደ ስሙ ከባድ ነው። ሽንጥ በቂ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ቪዲዮ ላይ የምታዩት ስቴክ ከታረደ በኋላ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት በቅዝቃዜ የቆየ ነው። የእኛ ሥጋ ደግሞ ትኩስ ነው። ለጥሬ ሥጋ ትኩስነቱ ክብር ነው፤ ለስቴክ ግን ችግር ነው። እንስሳው ከታረደ በኋላ ጡንቻው ይገተራል። እየቆየ ሲሄድ የራሱ ኢንዛይሞች ሥጋውን ያለሰልሱታል። ስለዚህ ከተቻለ ሐሙስ ገዝታችሁ፣ በንጹህ ሳህን ላይ አድርጋችሁ፣ ፍሪጁ ውስጥ ዝቅተኛው መደርደሪያ ላይ ለቅዳሜ አቆዩት። መብራት በብዛት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን ይህን አትሞክሩ፤ የዕለቱን ገዝታችሁ ቀጭን አድርጋችሁ መቁረጥ ይሻላል።

ድንቹና የአዲስ አበባ ከፍታ

ፒያሳ ያደገ ሰው ድንች ሲባል ትዝ የሚለው አትክልት ተራ ነው። ጭቃው፣ የሽንኩርቱ ሽታ፣ «ጠጋ በሉ!» እያለ ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጠው ልጅ። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ስለዚህ ድንቹን የገዛነው ከሰፈር ሱቅ ነው። ሰፈሩ ሲቀየር ድንች የምትገዛበትም ይቀየራል።

ለጥብስ የሚሆነው ድንች ውሃው ያነሰ፣ ዱቄቱ የበዛ ነው። ከሆለታ ምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ይታወቃሉ። ሱቅ ውስጥ ግን ስም የሚነግርህ የለም። ቤት ውስጥ የሚሠራ መፈተሻ አለ። በአንድ ብርጭቆ ጨው ላይ አስራ አንድ ብርጭቆ ውሃ አድርጋችሁ በጥብጡ፤ ድንቹን ጣሉበት። ከሰጠመ ዱቄታም ነው፣ ለጥብስ ይሆናል። ከተንሳፈፈ ለወጥ አስቀምጡት። አረንጓዴ የሆነውን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ፤ መርዛማ ነገር ይይዛል። ድንች ፍሪጅ ውስጥም አታስቀምጡ። ሲበርድ ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፤ ዘይት ውስጥ ሲገባም ሳይበስል ይጠቁራል።

አሁን ከሁሉም የሚጠቅመው ነጥብ። የውጭ ቪዲዮ «አምስት ደቂቃ ቀቅሉ» ሲል እዚህ አይሠራም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው እየተንተከተከ ቢሆንም ሙቀቱ ያንሳል፤ ድንቹም ይዘገያል። ሲጠበስም እንዲሁ ነው። በድንቹ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ ስለሚተን ዘይቱ በጣም ከጋለ ውጪው ይነጫል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ እሳቱን ትንሽ ቀነስ፣ ጊዜውን ትንሽ ጨመር። «ቪዲዮው እንዳለው ነው ያደረግኩት፣ ለምን ተበላሸ?» ለምትሉ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

አሠራሩ

ለአራት ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦ አንድ ኪሎ ድንች፣ ግማሽ ኪሎ ሽንጥ፣ ሩብ ኪሎ የተላጠ ሽሪምፕ ወይም አሳ፣ አንድ ሊትር የሱፍ ዘይት፣ ወደ 150 ግራም የተፈቀፈቀ ፕሮቮሎኔ ቺዝ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ተኩል ብርጭቆ ወተት፣ አራት ማንኪያ ማዮኔዝ፣ አንድ ማንኪያ አዋዜ፣ አንድ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጨውና ሚጥሚጣ።

1. ድንቹን ልጣችሁ በትንሽ ጣት ውፍረት ቁረጡት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ውሃው ነጭ ሲሆን የወጣው ስታርች ነው። አጥባችሁ ጨውና አንድ ማንኪያ አቼቶ በገባበት ውሃ ቀቅሉት። አቼቶው ድንቹ እንዳይፈርስ ያደርገዋል። ስምንት ደቂቃ አካባቢ ሲሆን በሹካ ሞክሩት፤ ሹካው መግባት አለበት፣ ድንቹ ግን መሰበር የለበትም። አጥልላችሁ በንጹህ ጨርቅ ላይ በትናችሁ አድርቁት። እርጥብ ድንች ዘይት ውስጥ ከገባ ዘይቱ ይረጫል።

2. ዘይቱን መካከለኛ እሳት ላይ አሙቁ። የእንጨት ማንኪያ እጀታ ስታስገቡ ቀስ ያለ አረፋ ካወጣ በቅቷል። ድንቹን በትንሽ በትንሹ አምስት ስድስት ደቂቃ ጥበሱት። ቀለሙ ነጣ እንዳለ አውጡትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዙት። የመጀመሪያው ጥብስ ውስጡን ያበስላል፣ ሁለተኛው ውጪውን ያንኮሻኩሻል። ችብስ ሁለቴ የሚጠበሰው ለዚህ ነው።

3. ሥጋውን ከመጥበሳችሁ አንድ ሰዓት በፊት ጨው ቀቡት። መጥበሻው በደንብ ይጋል። ሥጋውን በንጹህ ጨርቅ ወይም ሶፍት አድርቁና ጣሉት። ሁለት ጣት ውፍረት ካለው በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ደቂቃ አካባቢ በቂ ነው፤ ለብ ለብ ያለ የማይወድ ይጨምርበት። መጨረሻ ላይ ቅቤ፣ የተጨፈለቀ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ጣል አድርጉበት። አውጥታችሁ አምስት ደቂቃ አሳርፉት። ወዲያው ከተቆረጠ ጭማቂው ሳህን ላይ ይቀራል። ስትቆርጡ የሥጋውን ጭረት በማቋረጥ ስስ አድርጉት። ትኩስ ሥጋን የሚያለሰልሰው ከምንም በላይ ይሄ አቆራረጥ ነው።

4. ቺዙን አሁን ሥሩ። ቅቤውን አቅልጡ፣ ዱቄቱን አንድ ደቂቃ አማስሉበት፣ ወተቱን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ላዛኛ የሠራ ሰው ያውቃታል፤ በሻሜል ናት። ወፈር ስትል ከእሳት አውርዱና ፕሮቮሎኔውን ጨምሩ። እሳት ላይ እያለ ቺዝ ከጨመራችሁ ይጓጉላል።

5. ለማባያው ማዮኔዙን፣ አዋዜውንና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ አዋህዱ።

6. ሽሪምፑን ጀርባው ላይ ያለውን ጥቁር ጅማት አውጡ፣ አድርቁ፣ በጋለ መጥበሻ ላይ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ብቻ። ሮዝ ሆኖ ታጠፍ ሲል በስሏል። ሙሉ ክብ ሆኖ ከተጠቀለለ አልፎበታል፣ እንደ ጎማ ይሆናል። አሳውም በሌላ መጥበሻ እንዲሁ።

7. መጨረሻ ላይ ዘይቱን ከመጀመሪያው ጨመር አድርጋችሁ አግሉት። ድንቹን እንደገና ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ወርቅ እስኪመስል ጥበሱት። እንደወጣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሱበት።

ሁለት ነገር አደራ። የድንቹ ዘይት ውስጥ ሽሪምፕ አትጥበሱ፤ አንድ ጊዜ ከገባ ለማይበላውም ለአለርጂ ላለበትም ድንቹ ተበላሸ ማለት ነው። ሌላው ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ እንዳታፈሱበት። ምድጃውን አጥፉ፣ በክዳን ድፈኑት፣ እስኪበርድ አትክፈቱት።

መብራት ሄደ

የእኛ ቅዳሜ እንደ ቪዲዮው አልሄደም። የመጀመሪያውን ጥብስ እንደጨረስን፣ ሥጋው ገና ጨው ላይ እያለ፣ መብራት ሄደ። ስድስት ሰው ጨለም ባለ ኩሽና ውስጥ ቆመን ተያየን። «ጎበዝ፣ እርጥብ እንግዛ እንዴ?» አለ አንዱ።

ያዳነን ሁለቴ መጥበሱ ነው። አንዴ የተጠበሰ ድንች ሰዓት ሙሉ ቢቀመጥ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ያምርበታል። የቤቱ እናት ከሰል አቀጣጠሉልን። ሥጋውን በከሰል ላይ በብረት መጥበሻ ጠበስነው። አንዱን መጥበሻ ለአንዱ ሥጋ፣ ሌላውን ለሌላው። እማማ ከበርጩማቸው ሆነው የእሳቱን ነገር ይመሩናል። «ይሄ ከሰል ገና ነው፣ ጭሱ ይውጣለት።» «ሥጋውን አትወጋጉት፣ ተዉት ይያዝ።» ማንም ቪዲዮ ያልነገረንን ነገሩን።

ሽሪምፑ ሲወጣ እማማ ቀረብ ብለው አዩት። «እና ይሄ አንበጣ ነው የሚበላው?» አሉ። ሙስሊሟ ጓደኛችን እስክትንፈራፈር ሳቀች። «እማማ፣ አይቅመሱ እንጂ አይስደቡት!» አለቻቸው። «እኔ ምን አገባኝ ልጄ፣ ድንቹን ወዲህ በይ» አሉ።

አቀራረባችን ከቪዲዮው የተለየ ነበር። ሁሉንም ከመከመር ይልቅ ትልቁን ትሪ መሐል አድርገን ድንቹን ብቻ ሞላንበት። ቺዙ በጎድጓዳ ሳህን፣ የአዋዜ ማዮኔዙ በሲኒ፣ ሁለቱ ሥጋ በሁለት ሳህን፣ ሽሪምፑ ለብቻው ከነሹካው፣ አሳው ለብቻው፣ የተከተፈው ቲማቲምና ቃሪያ በዳር። እያንዳንዱ ከትሪው ድንች ወደ ሳህኑ ያወጣል፤ ከዚያ የራሱን ይደርብበታል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ቺዙ በመጨረሻዋ ደቂቃ ስለሚፈስ ድንቹ አይላሽቅም።

ሽሪምፕ ቀምሶ የማያውቀው ልጅ አንዷን በላ፣ ጠበቀ፣ ምንም አልሆነም። «እና?» አልነው። ትንሽ አሰበ። «ጥሩ ነው። ግን ይሄን ያህል ገንዘብ…» አለና ወደ ሥጋው ተመለሰ። ካወጣነው ገንዘብ ውስጥ ትልቁን የወሰደው ሽሪምፑ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ሽሪምፑን ትተን አሳ እናደርጋለን፤ በጾም ከሆነ ደግሞ ቺዙና ሥጋው ቀርቶ እንጉዳይ፣ አቮካዶና ቲማቲም በአዋዜ። ድንቹ ከሁሉም ጋር ይሄዳል፤ ጾም የለው፣ ፍስክ የለው።

መብራቱ የመጣው በልተን ከጨረስን በኋላ ነው። ትሪው ላይ የቀረው የቺዝ ፍርፋሪና አንድ ሁለት የጠቆረ ድንች ነበር። አራብሳ የሚሄደው ጓደኛችን ታክሲ ሳይጠፋበት ቶሎ ተነሳ። በር ላይ ቆሞ ጫማውን እያሰረ «ቀጣዩ እኔ ቤት ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ግን ድንች አለ» አለ።

እማማ ከኋላ ሆነው «ከሰልም ያዝ!» አሉት።